የተራቡት ትሎች

ባለወፍጮው አልጋው ላይ ሞቶ ተገኝቷል። ከቁስለኛ እግሩ የተለቀቁ ትሎች አንሶላው ላይ ይርመሰመሳሉ። ልጁ የነርሷን ክንድ ጨምድዶ ይጮሃል።

«አባቴን በቁሙ በትል አስበላችው! እሰሯት!»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን ለቃ እንክርዳዱን ታስቀራለችና። ጩኸት አትወድም። ፍርዱን ጨርሶ የሚጠብቃትን ሰውማ ጭራሽ አትወድም።

«መጀመሪያ ክንዷን ልቀቅ» አለችው።

ሰፈርተኛው ነርሷን «የትል እናት» ካላት ቆይቷል። ዛሬ እውነቱ ካልወጣ ደግሞ በነፍስ ገዳይነት ወህኒ መውረዷ ነው።

«ለምን ትል?» አለች ወንፊት።

«ስኳሩ ደቃቅ የደም ሥሮቹን ጎድቶበት፣ ሥጋው ራሱን መጠገን አቅቶት ነበር። የትሉ ምራቅ የሞተውን ሥጋ ያሟሟል፣ ጀርም ይገድላል፣ አዲስ ሥጋ የሚሠሩትን ህዋሳት ይቀሰቅሳል። ትናንት ነው አዲሶቹን ትሎች አድርጌ፣ በስስ መረብ ሸፍኜ፣ ዳሩን በፕላስተር ያሸግኩት። ይቆረጥ የተባለው እግር እኮ ሊድን ነበር!»

ወንፊት ጎንበስ ብላ አየች። ቁስሉ ንጹሕ፣ ቀይ ነው፤ መሃሉ ላይ ብቻ ጥቂት የሞተ ሥጋ ቀርቷል። ትሎቹ ቀጫጭን ናቸው። ክፍሉ ይበርዳል፤ የሟቹ ሸሚዝና ትራስ ግን በላብ ርሰዋል። ክንዱ ላይ አዲስ የመርፌ ምልክት አለ።

የሟቹ ሚስት ኩሽና ውስጥ ፊቷን አጥቁራ ተቀምጣለች።

«ኢንሱሊኑን ማን ነው የሚወጋቸው?»

«እኔ ነኛ! ሆዱ ላይ ብቻ። ሌላ ቦታ መች ያስነካል? ብልቃጡም ያው ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ትናንት ማታ ነው የከፈትኩት።»

ወንፊት ብልቃጡን አየችው። የጎደለው የአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ከልጃቸው ጋርስ እንዴት ነበሩ?»

«እሳትና ጭድ! ‹በእግሬ የቆምኩ ዕለት የወፍጮውን ቁልፍ አስረክበህ ውልቅ ትላለህ› ብሎታል። የእንጀራ ልጄ ነው፤ አይወደኝም፣ አልወደውም፤ ምን ልዋሽ?»

ልጁ ግን የሐዘን ለቅሶውን በውሃ ያወራርደዋል። አንድ ጆግ ጨርሶ ሌላ አስቀዳ። በመሃል ሁለቴ ሽንት ቤት ደርሶ መጣ።

«ሐዘን ነው ጉሮሮዬን ያደረቀው» አለ። «እነዚያን ትሎች ነክቼ አላውቅም። ጠዋት ስገባ ቁስሉን ጥለው ወጥተው ነበር።»

ወንፊት ሦስቱንም ወፍጮው አጠገብ፣ ጆንያ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ትል ቁስል ጥሎ የሚወጣው ሲጠግብ ነው። የተራበ ከምግቡ አይነሳም። እነዚህ ቀጫጭኖች ገና የተራቡ ናቸው። ስለዚህ አልወጡም፤ መረቡን ገልጦ የበተናቸው ሰው አለ።»

«እሷው ናታ!» አለ ልጁ። የሌባ ዐይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ!

«እሷ የትሉን ጠባይ ታውቃለች። ደግሞስ በገዛ እጇ ራሷን ታስወነጅላለች? ያ ሁሉ ላብ ስኳራቸው ወርዶ እንደሞቱ ይናገራል። በክንዳቸው ተወግተዋል። የቤቱ ብልቃጥ ግን ከአንዱ የሆድ መርፌ በላይ አልጎደለም። እንግዲያው እዚህ ቤት የራሱ ኢንሱሊን ያለው ሌላ ሰው አለ። ያለውን ሁሉ አባቱ ላይ ጨርሶ ዛሬ ለራሱ ያጣ፣ ጥማቱ አልቆርጥ ያለው ሰው። ኪስህ ውስጥ ያለውን አውጣ።»

አላወጣም። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ገብቶ አወጣለት፤ ባዶ የኢንሱሊን መውጊያ ብዕር ነበር።

«‹በሽተኛ ወፍጮ አይመራም› ሲል ነው ያደግኩት!» ጮኸ ልጁ። «ስኳር አለብኝ ብዬ ብነግረው ያኔውኑ ያባርረኝ ነበር። እሱ ራሱ ታሞ እንኳ ምላሱ አልታመመም። እግሩ ቢድን የምሄድበት የለኝም!»

ለመቆም ሞከረ። ተመልሶ ጆንያው ላይ ወደቀ፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«ይድፋው!» አለች የእንጀራ እናቱ።

ነርሷ ክንዷን እያሻሸች ተነሳች። የጨመደዳት ቦታ ገና ቀይ ነው። የልጁን ጣት ወግታ ስኳሩን ለካች፤ የናረውን ቁጥር አይታ ከንፈሯን ነከሰች። ወንፊትን ቀና ብላ አየቻት፤ ወንፊት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ነርሷ ሄዳ የሟቹን ብልቃጥ ከፍሪጅ አመጣች።

«ሆድህን ግለጥ» አለችው መርፌውን እየሞላች። «ከአባትህ የምትወርሰው ይኸው ነው።»