ደረቁ ቀርከሃ

ውሸት ነው የሚል ካለ ከአሁኑ ማንበቡን ይተው። ማንንም ለማሳመን አልጨነቅም። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት፣ ወሩ ሐምሌ፣ ቦታው እንጅባራ አጠገብ ያለው ቤቴ ነው። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ቀን ነው። ልክ ስድስት ሰዓት፣ ቀትር ላይ። ጉሙ በር ድረስ መጥቶ ስለነበር ጓሮዬ እንኳ አይታይም።

ስሜ ደጊቱ ነው። ባሌ አበረ በሳል ማቅቆ ሰኔ ላይ ሞተብኝ። ልጅ አልወለድንም።

ታናሽ ወንድሙ ቢሻው ድሮ "እታለም" ነበር የሚለኝ። ወንድሙ ከተቀበረ ወዲህ "አንቺ ሴትዮ" ሆንኩ።

"ተዝካሩን በወጉ ካላወጣሽ ቤቱን ለቀሽ ትወጫለሽ!" አለኝ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት።

አንድ ሰው እንኳ ተው አላለውም። አንጀቴ አረረ። ያንን ቤት ያቆምነው አበረና እኔ ነን። የግድግዳውን ጭቃ በእግሬ ያቦካሁት እኔ ነኝ! ለቅቄ የት ልግባ?

ጠላውን ጠነሰስኩ። የአረቄው ድፍድፍም ደረሰ። ማውጫውን ራሴ ነው የምሠራው። ድፍድፉን የያዘው ጋን እሳት ላይ ይጣዳል፣ አፉ በጭቃ ይመረጋል። እንፋሎቱ በቀርከሃ ቧንቧ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ገንቦ ይሄዳል፤ እዚያ አረቄ ሆኖ ይንጠባጠባል።

የተዝካሩ ዋዜማ ጠዋት ቧንቧዬን ባነሳው ለሁለት ተሰንጥቋል። ደህና የነበረ ቧንቧ... በገዛ እጁ ይሰነጠቃል?

እርጥብ ቀርከሃ እዚህ አገር ሞልቷል። ለአረቄ ግን አይሆንም፤ ያመርረዋል፣ ሙቀት ሲነካውም ይተረተራል። ደረቅ ፍለጋ ጎረቤቱን ሁሉ ዞርኩ። ጠፋ።

ይሄኔ ቢሻው አንድ ደረቅ ቀርከሃ ተሸክሞ መጣ።

"እንኪ።"

"ከየት አመጣኸው?"

"ምን አገባሽ? ትሠሪበታለሽ ወይስ ልመልሰው?"

ደግነቱ አላማረኝም። ግን ድፍድፉ ሊበላሽ ነው፣ እንግዳው ነገ ይመጣል። ተቀበልኩት።

ብረት አግዬ አንጓዎቹን ከውስጥ መብሳት ጀመርኩ። ጢሱ የቀርከሃ ጢስ አይደለም... የተቃጠለ አቡጀዲ ይሸታል።

ላዩን ደግሞ ገመድ በልቶታል። እዚህም እዚያም ጠብቆ የታሰረበት ምልክት አለው።

"ይሁን እንግዲህ" ብዬ ገጠምኩት። በጭቃና በእበት መረግኩት፣ እሳቱን አነደድኩ።

ጋኑ ፈላ። ሲንተከተክ ይሰማኛል። ገንቦው ውስጥ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም።

ቧንቧውን ከገንቦው አወጣሁና አፉ ላይ እጄን አደረግኩ።

የሚወጣው ነገር ቀዝቃዛ ነው።

ይወጣል... ያርፋል... ተመልሶ ይሳባል።

"በስመ አብ!"

ከዚያ ሳል ሰማሁ። ሁለት አጫጭር፣ ከዚያ አንድ ረዥም። ያንን ሳል እኔ ነኝ የማውቀው፤ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁበት ነው።

"ቁጡዬ..." አለኝ ከውስጥ።

ቁጡዬ የሚለኝ አበረ ብቻ ነበር። እሱም ሁለታችን ብቻ ስንሆን።

"ቁጡዬ... በሩን ዝጊው። በረደኝ..."

የአቡጀዲው ሽታ፣ የገመዱ ምልክት ያኔ ገባኝ።

ቃሬዛ ነው! አበረን ተሸክመው የወሰዱበት ቃሬዛ። እኛ ጋ ሬሳው ከወረደ በኋላ ቃሬዛው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይጣላል። እዚያው ይበሰብሳል እንጂ ወደ ቤት የሚመልሰው የለም።

ቀና ስል ቢሻው በሩ ላይ ቆሟል። ይስቃል።

"ቃሬዛውን ነው ያመጣህልኝ?"

"ነዋ። ምድጃ ዳር አድርቄ። ነገ ዘመድ በሙሉ ይሰማል። በባሏ ቃሬዛ አረቄ አወጣች ከተባለ ማን እዚህ ቤት ያስቀምጥሻል?"

"ያመጣኸው አንተ!"

"ማን አየኝ? የበሳሽው አንቺ፣ የመረግሽው አንቺ።"



"ወንድምህ እዚህ ቧንቧ ውስጥ ነው" አልኩት ቀስ ብዬ። "እያናገረኝ ነው።"

"አብደሻል።"

"ና ስማው። ካልፈራህ።"

እሱን ፈራህ ብሎ የሚተርፍ የለም። ተንደርድሮ መጣና ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ቧንቧው አፍ ላይ ለጠፈ።

ሳቁ ቆመ።

"ቢሻው?"

ከጎነበሰበት አልተነሳም።

"አንተ ቢሻው!"

ቀስ ብሎ ቀና አለ። ሳለ።

ሁለት አጫጭር... ከዚያ አንድ ረዥም።

ከሩቅ መንገድ እንደተመለሰ ሰው ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየው። ከዚያ ሄዶ መደቡ ላይ፣ አበረ ይተኛበት በነበረው በኩል ጋደም አለ። ፊቱ የቢሻው ነው። ልብሱም የቢሻው ነው።

"ቁጡዬ፣ በሩን ዝጊው እንጂ" አለኝ።

ሄጄ ዘጋሁት።

ያኔ ከቧንቧው ሌላ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ የሚያለቅስ...

"እታለም... እታለም አውጪኝ... ጨለማ ነው..."

እታለም! አሁን ገና እታለም ሆንኩ?

"ማን ነው?" አለ መደቡ ላይ የተኛው።

"ማንም።"

ከጭቃው በእፍኜ ሙሉ አነሳሁና የቧንቧውን አፍ ደፈንኩት።

በተዝካሩ አረቄ አልቀረበም፤ ጠላው በቃ። ሁሉም ቢሻው የሚለውን ይጠብቃል። እሱም ተነሳ።

"ቤቱ የደጊቱ ነው። ማንም እንዳይነካት" አለ።

ዘመድ እርስ በርሱ ተያየ። ቄሱ "እግዜር ልብህን አራራልህ ልጄ" ብለው መረቁት። አሜን ብሎ ሳለና ተቀምጦ የራሱን ተዝካር በላ።

እኔ መብላት አልቻልኩም። ዓይኔ ጋኑ ላይ ነው። እሳቱ ከጠፋ ቆይቷል፣ ጉልቻውም ቀዝቅዟል። ቀትር ሲሆን የቧንቧው አፍ ላይ ያለው እርጥብ ጭቃ ወደ ውስጥ ገባ...

ወጣ...

ገባ...