ያልተጠየቁት ሸክላ ሠሪ

ባሂራ ወልቂጤ ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነበረች። አባቷ አቶ አብዱልሃፊዝ ቡታጅራ ውስጥ የታወቁ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። የአባቷ እናት እማ ሰፍያ ደግሞ ከቆሼ ወጣ ባለች መንደር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ ሴት ነበሩ። ይህ ነገር ግን በቤተሰቡ ውስጥ በእንግዳ ፊት አይነሳም ነበር።

ዩኒቨርሲቲው አነስተኛ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለው። ተማሪው በበሩ ያልፋል እንጂ አይገባበትም። አንድ ቀን የሙዚየሙ ኃላፊ መምህር ፊልጶስ ማስታወቂያ ለጠፉ። የሚመረጡ ተማሪዎች ፎቶ ማንሳት፣ ድምፅ መቅረጽ፣ ዕቃ መመዝገብና ለጎብኚ ማስረዳት ይማራሉ። ከዚያም እያንዳንዱ ከመጣበት አካባቢ አንድ የእጅ ባለሙያ መርጦ ሙያውን ከነታሪኩ ይመዘግባል፤ ሥራውም በዐውደ ርእይ ይቀርባል። የትኛውም ትምህርት ክፍል ተማሪ መመዝገብ ይችላል።

ባሂራ ተመዘገበች። ስለ አያቷ ስታወራላቸው መምህሩ በጣም ደስ አላቸውና እንዳትዘገይ መከሯት።

ለአባቷ በስልክ ስትነግራቸው ግን ከፋቸው።

«ሰው የሚያውቀኝ በጨርቅ ነጋዴነቴ ነው» አሉ። «ነገ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው ተብሎ ቢወራ አንቺንስ ማን ለትዳር ይጠይቅሻል?»

«አባ፣ እማ እኮ በዚሁ ሸክላ ነው ያስተማረችህ።»

«ያስተማረችኝ እኔ እንዳልሠራው ነው። ይብቃ።»

ባሂራ በማግስቱ ሄዳ ስሟን አሰረዘች። መምህሩ ሐሳቧን ከቀየረች ቦታው እንደሚጠብቃት ነገሯት። እሷም የአባቷ ቁጣ እስኪበርድ እያለች ቀኑን ገፋችው።

በኢድ ሰሞን አያቷን ልትጠይቅ ሄደች። እማ ሰፍያ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ እውነት ሸክላ በመስታወት ውስጥ የሚያኖር ቤት እንዳለ ጠየቋት። አዎ ስትላቸው ፊታቸው በራ።

«እንግዲያ ነይ፣ አፈሩን የማወጣበትን ቦታ ላሳይሽ። እግሬ ሳይደክም።»

ባሂራ ፈተናዬን ልጨርስና እመጣለሁ አለቻቸው። ፈተናው ሰበብ ነበር፤ የፈራችው አባቷን ነው።

ፈተናውን ሳትጨርስ እማ ሰፍያን ስትሮክ መታቸው። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ባሂራ ስልኳን መቅረጫ ላይ አድርጋ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠችና አፈሩ ከየት እንደሚወጣ ጠየቀቻቸው። አያቷ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ያኔ በደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱን እንደ ጭቃ ማሸት ጀመሩ። ባሂራ መቅረጹን አቆመች። በሦስተኛው ሳምንት አያቷ ሞቱ።

ከለቅሶው በኋላ አቶ አብዱልሃፊዝ በመከልከላቸው ተጸጽተው፣ ለሙዚየሙ ሊሰጡ ከእናታቸው ቤት አንድ እንስራና ሁለት ድስት አንስተው ከልጃቸው ጋር ወልቂጤ መጡ። መምህር ፊልጶስ የመመዝገቢያ ቅጽ አወጡ። የሠሪዋን ስም ጻፉ። ቀጥለው አፈሩ ከየት እንደሚወጣ፣ ከምን ጋር እንደሚቀላቀል፣ በምን እንጨት እንደሚተኮስ፣ ሙያውን ከማን እንደተማሩ ጠየቁ። አቶ አብዱልሃፊዝ ለእያንዳንዱ «አላውቅም» እያሉ መለሱ። ከአራተኛው በኋላ እጃቸውን እንስራው ላይ አደረጉ።

«እናቴ ናት። አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። ልጄ ልትጠይቅልኝ ነበር፤ እኔ ከለከልኳት።»

መምህሩ ብዕራቸውን አነሱ። በአራቱም ቦታ «አይታወቅም» ብለው ጻፉ።

ውድ ወላጆች፣ ባሳደጋችሁ እጅ አትፈሩ፤ ልጆቻችሁንም አታሳፍሩበት። እናንተም ተማሪዎች፣ በግቢያችሁ የተከፈተላችሁን በር ነገ እገባበታለሁ ብላችሁ አትለፉት። ፈተና በየዓመቱ ይመጣል፤ የሚያውቅ ሰው ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ባሂራ ዛሬ በዚያው ሙዚየም ታገለግላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሌሎች ሸክላ ሠሪዎች መንደር ስትሄድ አባቷ አብረዋት ይሄዳሉ። የማን ልጅ እንደሆኑ የጠየቃቸው ሰው ካለ፣ «የሸክላ ሠሪዋ የሰፍያ» ይላሉ። ይህን ከልጃቸው አፍ መስማት የነበረባቸው እናት ግን የሉም።