በነጩ ፓቲን ውስጥ የተወተፈው ካልሲ

በዛብሽ ቢረሳው የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ነገሌ ቦረና ነው። የምትኖረው ከአባቷ ከመምህር ቢረሳው፣ ከእናቷና ከታናሽ እኅቷ ከወለተሐና ጋር ነበር። ወለተሐና ገና ስድስት ዓመቷ ነው። እኅቷ የሄደችበት ሁሉ ትከተላለች፤ በዛብሽን አንዳንዴ ይሰለቻታል። ታናሽ ያላችሁ ልጆች ታውቁታላችሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ያኔ ነገሌ ውስጥ መጫወቻ እንደ ልብ አይገኝም። አንድ ቀን ግን ከሞያሌ የመጣ የጭነት መኪና አዴ ራሕማ ሱቅ ሁለት ጥንድ ፓቲን አወረደ። አዴ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ ባለሱቋን ሁሉም እንዲህ ይጠራቸዋል። ፓቲን ታውቃላችሁ አይደል? እግር ላይ ታስሮ የሚነዳ ባለ ጎማ ጫማ ነው። በዛብሽ ባየችው ጊዜ ዐይኗን ተክላ ቀረች። ቤት ገብታም ሌላ ወሬ አልነበራትም። አባቷ በትምህርቷ ጎበዝ ስለሆነች እሺ አሏት፤ ነገር ግን የሚገዛው አንድ ጥንድ መሆኑን፣ እኅትማማቾቹም ተራ በተራ እንደሚጫወቱበት ነገሯት።

ቅዳሜ አባትና ሁለቱ ልጆች ሱቅ ሄዱ። አዴ ራሕማ "አካም፣ ናጋ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበሏቸውና ፓቲኖቹን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። አንደኛው የብረት ነው። ጫማ ላይ በቆዳ ጠፍር ይታሰራል፤ ትንሽ ቁልፉ ሲዞር ይረዝማል፣ ያጥራል። ሁለተኛው ግን ራሱ ጫማ ነው፤ እንደ ወተት የነጣ፣ ጎማው ቀይ።

አዴ ራሕማ ለጀማሪ የሚሻለው የብረቱ ነው አሉ። ጎማው ቶሎ አይሸሽም፤ ለትልቋም ለትንሿም ይሆናል። በዛብሽ "ለትንሿም" የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ነጩ ትልቅ ስለሆነ ለወለተሐና በፍጹም አይሆናትም። እንግዲያው የብቻዋ ይሆናል ማለት ነው!

"አባዬ፣ ነጩን ግዛልኝ" አለች። "ቢሰፋኝም አድግበታለሁ።"

ለፋሲካ ጫማ ስንገዛ አንድ ጣት አስፍተን አይደል? ልጅ ያድጋላ። መምህር ቢረሳውም እሺ ሊሉ ነበር። አዴ ራሕማ ግን አሻፈረኝ አሉ።

"መምህር፣ ይሄ የበዓል ጫማ አይደለም። የሰፋ ፓቲን ልጅ ይሰብራል። ጣቷ ጫፉ ላይ ካልደረሰ አልሸጥልዎትም።"

ሁለቱ ትልልቆች ስለ ሞያሌ መንገድ ማውራት ሲጀምሩ በዛብሽ ጥግ ተቀመጠች። ካልሲዎቿን አወለቀች። ጠቅልላም በየጫማው ጫፍ ወተፈቻቸውና ባዶ እግሯን አስገባች። አዴ ራሕማ መጥተው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ቢጫኑት ሙሉ ነው።

"ጣትሽ ደርሷል፣ ኢንታላ ኮ?" ሲሉ ጠየቋት፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"አዎ፣ ደርሷል" አለች።

አያችሁ፣ ትንሽ ቃል ናት። ግን ውሸትም ጎማ አለው፤ አንዴ ከተነሣ ማቆሚያው ይቸግራል።

ከሱቁ ጀርባ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢ አለ፤ ከመግዛታቸው በፊት ጫማውን እንድትሞክር ሁሉም ወደዚያ ወጡ። ግማሹ ላይ የአዴ ራሕማ በቆሎ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ወለተሐና ተራዋን ስትጠይቅ በዛብሽ "አንቺን ይሰፋሻል" ብላ ገፋቻትና ብድግ አለች። ግራ እግሯ ወደ ሱቁ፣ ቀኝ እግሯ ወደ አጥሩ ሄደ። እግሯ ጫማው ውስጥ ይዋኛል። ተንደርድራ ሄዳ በቆሎው ላይ ዘጭ! ዶሮዎቹ ተበተኑ። አንዱ ጫማ ወልቆ ሲሄድ ጥቅል ካልሲ ከውስጡ ዱብ አለ።

ቀድማ የደረሰችው ወለተሐና ናት። ካልሲውን አነሣችና በመገረም አየችው።

"የበዛብሽ ካልሲ እዚህ ምን ይሠራል?" አለች።

አዴ ራሕማ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉ ቀስ ብለው።

በዛብሽ "ወለተሐና ናት የከተተችው" ልትል ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ በምን ትከራከራታለች? ነገር ግን ትንሿ እኅቷ አጠገቧ ተንበርክካ፣ ከፀጉሯ ላይ በቆሎ እየለቀመችላት ነበር። በዛብሽ ይህን ስታይ አፈረች፤ እንባዋም መጣ።

"እኔ ነኝ የወተፍኩት" አለች። "ለወለተሐና ላለማካፈል ብዬ ነው። አዴ ራሕማ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አባዬ፣ ይቅር በለኝ።"

መምህር ቢረሳው ከወደቀችበት አነሷትና ግንባሯን ሳሟት። አዴ ራሕማ ደግሞ ፍርዳቸውን ሰጡ፤ በቆሎው ተለቅሞ፣ ነጩ ጫማ ተወልውሎ ይመለስ። ደግነቱ ጫማው በቆሎ ላይ ስለወደቀ አልተጫረም። ወለተሐና ማንም ሳያዛት አብራ ለቀመች።

ሲጨርሱ አዴ ራሕማ የብረቱን ፓቲን ይዘው መጡ። በዛብሽ ወለተሐና ትቅደም አለች። ወለተሐና ግን ብቻዬን እፈራለሁ ብላ እጇን ያዘች። አዴ ራሕማም እየሳቁ አንዱን አሳጠሩ፣ ሌላውን አስረዘሙ። አንዱን ለትንሿ፣ ሌላውን ለትልቋ አሰሩ። እኅትማማቾቹ ተቃቅፈው፣ በአንድ እግር እየገፉ በአንድ እግር እየተንሸራተቱ ግቢውን ሲዞሩ መምህር ቢረሳው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ የብረቱንም ፓቲን ገዙላቸው። ከዚያን ቀን በኋላ በዛብሽ ፓቲኑን ብቻዬን ካልነዳሁ ብላ አታውቅም።

ልጆቼ፣ ዋሽተን ለብቻችን ከምንይዘው ነገር ይልቅ እውነት ተናግረን የምንካፈለው ይበልጥ ያስደስታል።