የሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ስንጥር

ዳቦ ጋጋሪው የሞተው በሙዝ ልጣጭ፣ በተረገጠ የወረቀት ኩባያና በሰው አክታ መካከል ነው። ከድልድዩ ሥር፣ የውሃ ጣቢያውን ገና አለፍ እንዳለ ወድቆ ቀረ። ለሯጮች የሚታደለውን የሚያብለጨልጭ ላስቲክ አልብሰውታል። የቆመለት ሯጭ ግን አልነበረም። አንዳንዱ እግሩን ዘሎት ሄደ፤ አንዱማ ስልኩን አውጥቶ ራሱን ከአስከሬኑ ጋር ፎቶ አነሳ። ስሙ በዓለም የገነነ ማራቶን ነው፤ ከቅርብ ላየው ግን ከተማ የሚያህል የልብስ መቀየሪያ ክፍል ነው።

ኢንስፔክተሯ መሃረቧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ተንበረከከች። መጥፎ ሽታ አትችልም፤ ሥራዋ ደግሞ ከመጥፎ ሽታ ለይቷት አያውቅም። የሟቹ ፊት አብጦ ዓይኖቹ ተደፍነዋል። ከንፈሩና ጥርሱ ላይ ነጣ ያለ ቅባት ተለጥፏል። ከቁምጣው ትንሽ የቁልፍ ኪስ ውስጥ ጠፍጣፋ የእንጨት ስንጥር አወጣች፤ አይስክሬም የሚሰካበት ዓይነት ነው።

«ቫዝሊን ነው» አለ ሳጅኑ። «ጭናቸው እንዳይላጥ ይቀቡታል። ይሄ የዋህ በልቶት ይሆናል። የመጀመሪያ ማራቶኑ ነው አሉ።»

«በልቶ ሲያበቃ ስንጥሩን ኪሱ ከተተ?»

«ንጹሕ ሰው ነበር ይሆናላ።»

ኢንስፔክተሯ መንገዱን ሽቅብ ቁልቁል አየች። ሁሉም እንደልቡ ሲጥል የዋለበት አስፋልት ላይ አንድም ነገር ያልጣለው ይህ ሰው ብቻ ነበር።

ሐኪሙ በማግስቱ ውጤቱን ነገራት። ሟቹ ጉሮሮው አብጦ ታፍኗል፤ ሆዱ ውስጥ የተፈጨ ኦቾሎኒ ተገኝቷል። ዳቦ ጋጋሪው ኦቾሎኒ እንደማይስማማው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በዳቦ ቤቱ ደጃፍ ኦቾሎኒ የያዘ ሰው አይገባም ነበር። ከቤት የተዘጋጀ ነገር በመንገድ ላይ የሰጠችው ሚስቱ ናት፣ ያውም በጠርሙስ። ጠርሙሱን ጽዳቶች ጠርገውታል። ለሳጅኑ ይህ በቂ ስለነበር ሚስቲቱን አሰራት። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ እስከዚያ ሌላ ነገር ካልተገኘ ጡት ያልጣለች ልጇን ትታ ወህኒ መውረዷ ነው።

ኢንስፔክተሯ ስታነጋግራት የሸሚዟ ፊት በወተት ርሶ ነበር።

«ጠርሙሱ ውስጥ ምን ነበረ?»

«ውሃ፣ ስኳርና ትንሽ ጨው። ራሴ ቀምሼዋለሁ።»

«ሲቀበልሽ ምን አለሽ?»

«‹ጋሼስ የት ደረሰ?› አለኝ። ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድሜን ነው፤ እሱም እየሮጠ ነበር። ‹ገና ኋላ ነው› አልኩት። ከዚያ...»

ከኮሪደሩ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ሴትዮዋ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ልጄን አምጥተዋታል። እባክዎ፣ ላጥባት?»

ኢንስፔክተሯ በእጇ ምልክት ሰጠቻት። እናት ልጇን ለማጥባት ፖሊስ ስታስፈቅድ ማየት አንጀቷን አቃጠላት፤ ሳጅኑንም ራሷንም ተጸየፈች።

ሟቹ የነበረበት የሯጮች ክለብ መቀየሪያ ክፍል የእርጥብ ካልሲና የመታሻ ቅባት ሽታ ነበረው። መስኮቱ ከተከፈተ የከረመ አይመስልም። አሰልጣኙ ፊሽካውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተቀበላት። ስንጥሩን ስታሳየው ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠ።

«የክለባችን ቀልድ ነው። ለጀማሪ ሁሉ ‹ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ በስንጥር የሚሰጡህን ላስ፣ ጉልበት ይሆንሃል› እንለዋለን። ቫዝሊን ይልሳል፣ እንስቃለን። እኔም በጊዜዬ ልሻለሁ።»

«ለዳቦ ጋጋሪውም ነገራችሁት?»

«እዚሁ፣ ሁላችንም ባለንበት። አመነን። የነገሩትን ሁሉ የሚያምን ሰው ነበር።»

«አንተስ የሚበላ ነገር ሰጥተኸዋል?»

«ለጉልበት የሚመጠጥ የታሸገ ጄል ብቻ። እሱንም ሳይከፍተው የኋላ ኪሱ ውስጥ አግኝታችሁታል አይደል? እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ መጨረሻው መስመር ላይ ነበርኩ።»

የሚስቲቱን ታላቅ ወንድም ቤቱ ሄዳ አገኘችው። ክለቡ «ባለሜዳልያው» ይለዋል። የሳሎኑ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሜዳልያ ተሸፍኗል፤ የትናንቱን ውድድር ሜዳልያ ግን ገና ከአንገቱ አላወለቀውም። እግሩን ሶፋው ላይ ሰቅሎ፣ ጠቁሮ የላላ የአውራ ጣት ጥፍሩን እያነቃነቀ ያነጋግራት ጀመር።

«በጥሩ ሰዓት ገባህ አሉ።»

«በዕድሜዬ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም» አለ፤ ቶሎም ፊቱን ወደ ሐዘን መለሰው። «ግን ምን ያደርጋል።»

«እሱን መንገድ ላይ አየኸው?»

«አልፌዋለሁ። ቫዝሊን ከሚያድሉት አንዷ ስንጥር ስትሰጠው፣ ተቀብሎ ሲልስ አየሁት። ሳቄ መጣ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

«እህትህ ገድላዋለች ብለህ ታምናለህ?»

ትከሻውን ሰበቀ። «ጠርሙሱን የሰጠችው እሷ ናት። እኔ ምን ልበል? ሕግ አለ።»

ጥፍሩ ወለቀ። በሶፍት ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእህቱ የሠርግ ፎቶ አጠገብ አስቀመጠው። ኢንስፔክተሯ መሃረቧን አወጣች፤ ለጥፍሩ ይሁን ለንግግሩ ለራሷም አልለየላትም።

በመጨረሻ ያነጋገረችው ጎረቤታቸውን፣ ነርሷን ነበር። ሕፃኗን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ በውድድሩ ዕለትም በፈቃደኝነት ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባለው በዚያው የውሃ ጣቢያ ቫዝሊን ስታድል ውላለች። እጇ ከመታጠብ ብዛት ቀልቷል።

«ኦቾሎኒ እንደማይስማማው ታውቂ ነበር?»

«እንዴት አላውቅ? አምና ሳያውቅ ብስኩት በልቶ መርፌ የወጋሁት እኔ ነኝ። ያኔ ከንፈሩ ብቻ ነው ያበጠው፣ ቶሎ ተሻለው።»

«ከአንቺ ቫዝሊን ወሰደ?»

«ኧረ አልቆመም። ጉሮሮውን ይዞ አጠገቤ አለፈ። የደከመው መስሎኝ ‹በርታ› አልኩት።» የቀላ እጇን ገልብጣ አየችው። «ስንቱ መዳፍ ላይ በጓንቴ ስለቀልቅ ዋልኩ፣ ላቡ፣ ንፍጡ... ነርስ ሆኜ እሱን ሳላየው ቀረሁ።»

ማምሻውን ኢንስፔክተሯ ሁሉንም መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች። ሚስቲቱ ልጇን ታቅፋ በሳጅኑ አጠገብ ተቀመጠች። ባለሜዳልያው ከበሩ አጠገብ ቆመ።

«ከጠርሙሱ እንጀምር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሟቹ ጠርሙሱን ከጠጣ በኋላ ረጅም መንገድ በደህና ሮጧል። ጉሮሮውን ይዞ የታየው ነርሷ ዘንድ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የገደለውን የበላው ከጣቢያው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። በስንጥሩ ላይ የቀረውን ቅባት ላቦራቶሪ አይቶታል፤ ቫዝሊን ነው፣ የተፈጨ ኦቾሎኒ ተለውሶበታል።»

ሁሉም ወደ ነርሷ ዞሩ። ነርሷ ደነገጠች።

«ቫዝሊኑን በምን ነበር የምታድይው?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«በእጄ ነዋ! በጓንት። ዘንድሮ ስንጥር ቀርቷል። ጀማሪዎቹ እየላሱ ሲያስመልሳቸው አዘጋጆቹ ከለከሉ።»

አሰልጣኙ አፉን ከፈተ። «እኔ አልሰማሁም።»

«አንተ መጨረሻው መስመር ላይ ነበርክ፣ ማየት አትችልም። በዚያ ጣቢያ ስንጥር ሲሰጥ አየሁ ያለኝ ግን አንድ ሰው አለ።» ወደ በሩ ዞረች። «ዘንድሮ ያልነበረውን ስንጥር ያየኸው አንተ ነህ። ልምድ ያለው ሯጭ ቫዝሊኑን ቤቱ ተቀብቶ ይመጣል፤ ያንን ጠረጴዛ ዞር ብሎም አያየው። በየዓመቱ ስንጥር ስለነበር ዘንድሮም ይኖራል ብለህ አንዱን ከቤትህ አዘጋጅተህ መጣህ። ከጣቢያው በፊት ደረስክበት፣ ሰጠኸው። እሱም ላሰው፤ ላስ ተብሎ ተነግሮታላ።»

ባለሜዳልያው አሰልጣኙን አየ፣ ነርሷን አየ። እህቱን ግን አላያትም።

«እንዲሞት አይደለም» አለ በመጨረሻ። «አምና ከንፈሩ ብቻ ነበር ያበጠው። ይደነግጣል፣ ይቀመጣል ብዬ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ስሮጥ ኖሬ፣ ትናንት የጀመረ ቦርጫም ዳቦ ጋጋሪ ይቅደመኝ? በዚህ ክለብ ፊት?»

«ጉሮሮውን ሲይዝ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ምን አደረግህ?»

«ሮጥኩ።»

አሰልጣኙ ከአጠገቡ ፈቀቅ አለ። ሳጅኑ ካቴናውን ሲያወጣ ኢንስፔክተሯ በእጇ አስቆመችው።

«አንድ ያልገባኝ ነገር ቀርቷል። ጫማው ላይ የታሰረው ሰዓት መዝጋቢ ቺፕ እንደሚያሳየው ሟቹ ጠርሙሱን ከተቀበለ በኋላ ሩጫውን ቀዝቀዝ አድርጓል። ሳጅኑ መርዝ ነው ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ግን ጤነኛ ነበር። ለምን ቀነሰ?»

ሚስቲቱ ቀና አለች።

«ጠዋት ልነግርዎት ስል ልጄ አለቀሰች» አለች። «‹ጋሼ ኋላ ነው› ስለው ‹እንግዲያው ቀስ ልበልና ልጠብቀው፣ አብረን እንገባለን፤ እሱን ቀድሜ ብገባ በምን ዓይኔ አየዋለሁ› አለኝ።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ጠብቆህ ነው የደረስክበት። ሊቀድምህ አልነበረም።»

«እህቴ...» አለ ባለሜዳልያው፤ አንድ እርምጃም ወደ እሷ ተራመደ።

ሕፃኗ ደረቱ ላይ የሚያብለጨልጨውን ሜዳልያ ልትይዝ እጇን ዘረጋች። እናቷ ወደ ኋላ ሸሸች። ልጅቷ ምንም አልነካችም፤ እናቷ ግን ትንሿን እጅ በሻርፗ ጫፍ ደጋግማ ጠረገችው።