ስስቅ ጉልበቴ ይከዳኛል

መጀመሪያ ያየሁት በሕልሜ ነው። ሐይቅ ላይ በጀልባ እየሄድን፣ አንድ ረጅም ልጅ በለሰለሰ ድምፅ ትምህርት ያስረዳኛል። ዓይኔን ስገልጥ ሐይቁ የለም፤ ልጁ ግን አለ። ክፍል ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ከእጄ የወደቀውን እስክሪብቶ ይዞልኛል።

« እንኳን በደህና መጣሽ » አለኝ በሹክሹክታ። « መምህሩ ሁለት ጊዜ አይተውሻል። ጸሎት ላይ ናት ልላቸው ነበር። »

ሳቄ መጣ። ከንፈሬን ነክሼ ፊቴን አዞርኩበት።

ምን ላድርግ? ሕመሜ የእንቅልፍ ነው። በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ከእሱ የባሰው ደግሞ ሳቅ ነው፤ ከልቤ ስስቅ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ምላሴ ይተሳሰራል። እየሰማሁ፣ እያወቅሁ፣ እንደ እርጥብ ልብስ እጥፍ ብዬ እወርዳለሁ። ይህን ከቤተሰቤ ውጪ ማንም አያውቅም። አክስቴማ « ሥራ ሲባል ነው እንቅልፍ የሚመጣባት » ትላለች።

አንድ ቀን ፈተና ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሰዓቱ አልቋል፤ ወረቀቴ ግማሹ ባዶ ነው። የመጨረሻው ፈተና ላይም እንዲሁ ብሆን መባረሬ ነው። ታላቅ እህቴ እጄን ይዛ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ ወሰደችኝ።

« እኔ እኮ እጅ እግሬ ሙሉ ነው » አልኩ በሩ ላይ ቆሜ።

የቢሮው ኃላፊ በክራንች የሚሄዱ ሴት ናቸው። « ልጄ፣ እዚህ በር ላይ ያላመነታ የለም። ግቢ » አሉኝ። የሐኪም ማስረጃዬን አይተው ፈተና ላይ ትርፍ ሰዓት፣ በመሀል የማሸልብበት ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሳንቀላፋ የሚያመልጠኝን ትምህርት የሚጽፍልኝ ተማሪ ፈቀዱልኝ።

ጸሐፊው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ረጅሙ ልጅ።

ስለ ሕመሜ አልጠየቀኝም፤ ቢሮውም አልነገረውም። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው። ጠርዙ ላይ ግን ቀልድ አይጠፋም፤ « እዚህ ጋ መምህሩም ሊተኙ ነበር። » ሲያወራኝ ፊቴን እንደ ግንብ አደርጋለሁ። ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ ስሆን ግን እየደጋገምኩ አነበውና ብቻዬን እስቃለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ሰጥቶኝ ቆመ።

« ደስ እንዳላልኩሽ ገብቶኛል። ሌላ ሰው እንዲመድቡልሽ ነግሬያቸዋለሁ። አልተቀየምኩም። »

መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ።

በእሱ ቦታ የመጣችው ልጅ ጎበዝ ናት። ወረቀቷ ላይ ግን ያለው ትምህርት ብቻ ነው። የመስኮቱ ብርሃን፣ የመምህሩ ድምፅ... ሁሉም ቀለሙ ለቀቀብኝ። በሕልሜ እንኳ ጀልባው ባዶውን ይሄዳል።

ሲብስብኝ ቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ላይ ጠብቄ አገኘሁት።

« አልጠላሁህም » አልኩት። « ከልቤ ስስቅ እወድቃለሁ፤ ሕመም ነው። እንደ አንተ የሚያስቀኝ ስለሌለ ነው የሸሸሁህ። ብወድቅ ውሃ አትርጭብኝ፤ ትንሽ ጠብቀኝ። »

ራሱን አከከ። « እኔ እኮ ቀልድ የማልችል መስሎኝ፣ የቀልድ መጽሐፍ ገዝቼ እያጠናሁ ነበር። »

ሳቅሁ። ጉልበቴ ከዳኝ። ትከሻዬን ደግፎ ቀስ አድርጎ ግድግዳው ሥር አስቀመጠኝ፤ እሱም አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዓይኔ ተከድኗል፤ ጆሮዬ ነቅቷል። የሚያልፉትን « ደህና ናት፣ አረፍ ብለን ነው » ይላቸዋል። ኮሪደሩ ጭር ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

« ትሰሚኝ እንደሆን አላውቅም። ካየሁሽ ቀን ጀምሮ ወድጄሻለሁ። ዓይንሽን ከገለጥሽ ግን ይህን ለመናገር ወኔው የለኝም። »

ቀድመው የተመለሱልኝ ጣቶቼ ናቸው። እጁን ያዝኩት። ምላሴ ሲፈታ « ሰምቻለሁ » አልኩት።

« የቱን? »

« ሁሉንም። »

ላብ በላብ ሆነ።

የመጨረሻውን ፈተና በመሀል አሸልቤ፣ ተነሥቼ፣ በትርፉ ሰዓት ጨረስኩት። አለፍኩ። ከተመረቅን በኋላ አንድ ማለዳ ቤታችን መጣ። እህቴ በሩን ከፈተችለት። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ « እባክሽ መጀመሪያ ተቀመጪ » አለኝ።

ተቀመጥኩ። እንዳገባው ጠየቀኝ። « እሺ » ለማለት አፌ እስኪታዘዝልኝ ድረስ፣ እጄን ይዞ ሳይቸኩል ጠበቀኝ።