በዓይኔ ያየሁት

አንዳርጌ ከአንኮበር ገደል ሥር ሲገኝ ቀኝ መዳፉ ተልጦ ነበር። አፋፉ ላይ ፀሐይ ቢሆንም ጉሙ ከገደሉ በታች ተኝቶ ነበር። ያን ቀን የተኛው ጉም በአካፋ ተዝቆ በአህያ ቢጫን ለሌላ ወረዳ ይተርፍ ነበርና፣ ሬሳውን ያገኙት በዳበሳ ነው።

ገዳዩ ግን ወዲያው ታወቀ፤ በወሰን የተጣላው ጎረቤቱ ይሁኔ። ዱላውን ወደ አንዳርጌ ደረት ሲሰድ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ ዘፈን ገብቶበት፣ ከሬሳው ቀድሞ መንደር ደረሰ። ጎረቤላ ገበያ የዋለውም፣ ደብረ ብርሃን በሽተኛ የሚያስታምመውም «በዓይኔ አየሁት» አለ።

ኢንስፔክተር ወለተሐና መጀመሪያ የጠየቀችው የይሁኔን እናት፣ እታፈራሁን ነው። እሳቸው ያን ሰዓት ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ውኃ ይቀዱ ነበር።

«እማማ፣ ምን አዩ?»

«ልጄ ሲገፋው።»

«ፊቱ ይታይ ነበር?»

«ጥርሱን ነክሶ። ልጄ ነው ብዬ በሐሰት አልምልም።»

ቪዲዮውን የቀረጸው ኤርሚያስ ደግሞ፣ ቅረጸኝ ብሎ የለመነው ራሱ ሟቹ እንደሆነ ነገራት። ዘፈኑ ለምን እንዳስፈለገ ብትጠይቀው «ያለ ዘፈን ማን ያያል?» አላት።

በማግስቱ ሁሉንም አፋፉ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ይሁኔ በካቴና፣ የሟች ሚስት ገነት በጥቁር ልብስ።

«ደረቱን የተገፋ ሰው መዳፉ አይላጥም» አለች። «እዚህ አገር ለሚንሸራተት ሰው ምን ይዘረጋለታል?»

«ዱላ» አለች ገነት ሳታስበው።

«ይሁኔም የዘረጋው ለዚያ ነው። ሟቹ ጨብጦት አመለጠው፤ መዳፉን የላጠው የዱላው ቅርፊት ነው። ታዲያ ወደ አፋፉ ማን ወሰደው? ቪዲዮው ላይ ስልኩን እያየ፣ እየሳቀ የኋሊት ይራመዳል። ሰው ካላዘዙት የኋሊት አይሄድም። ኤርሚያስ፣ ያልተቆረጠውን፣ ዘፈን ያልገባበትን ክፈተው።»

ኤርሚያስ ስልኩን አውጥቶ ከፈተው። የራሱ ድምፅ ወጣ፤ «ትንሽ ወደ ኋላ... አሁንም... ሜዳው ሰፊ ነው።» ቀጥሎ አንዳርጌ ዱላውን ሲጨብጥ፣ ሲያመልጠው ታየ።

«ስልኩ ላይ ሰፊ ነበር» አለ ኤርሚያስ። «ገደሉን አላየሁም። የማየው ስልኩን ነበር።»

ካቴናው ከይሁኔ ወደ ኤርሚያስ ተዛወረ። ወለተሐና ለእታፈራሁ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፤ በዚያ ጉም ከምንጩ ሆኖ የራስን እንስራ እንኳ ማየት እንደማይቻል፣ ያዩት የልጃቸው ፊትም ኤርሚያስ ከቆመበት ብቻ የሚታይ፣ ከቪዲዮው የመጣ እንደሆነ።

እታፈራሁ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ይሁኔ ሊስማቸው ሲቀርብ ግን ፊታቸውን አዞሩ።

«እግዜር ይማርህ» አሉት። «እኔ ግን አይቻለሁ።»

ከገነት ጋር ተደጋግፈው ወደ መንደር ወረዱ። ይሁኔ የተፈቱ እጆቹን የሚያደርግበት አጥቶ ቆመ።