በጎኗ የተኛችው ሰዓት

ሟቹ ግራ እጁን የተመታ ግንባሩ ላይ እንደጫነ ነበር የተገኘው። ደሙ ከመዳፉ ወደ ክርኑ ወርዶ ደርቋል። የወደቀው ከብረት ካዝናው ሥር ሲሆን፣ በካዝናው ማዕዘን ላይ ፀጉር ተጣብቋል። ከበላዩ፣ እንዳይቆሙ በሞተር በሚያዞራቸው የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ የሰበሰባቸው ሰዓቶች ጌታቸው መሞቱን ሳያውቁ ቀስ እያሉ ይሽከረከራሉ።

እናቱ በሩ አጠገብ ወንበር ስበው የልጅ ልጃቸውን የሚጣን እጅ ጨምድደው ይዘዋል። «ውጪ ይጠብቁ፣ እማማ» ቢባሉም አሻፈረኝ ብለዋል። አንዱን ሞት ነጥቋቸዋል፤ ይቺን ደግሞ ፖሊስ እንዳይወስድባቸው ልባቸው ሊፈነዳ ነው። ጠዋት ሚጣ ከአባቷ ጋር ስትጯጯህ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷላ!

መርማሪዋ ከሬሳው ጎን ተንበርክካ የግራ እጁን አንጓ ትኩር ብላ አየች። ከዚያ አንሶላ አለበሰችውና ወደ ጠረጴዛው ዞረች። በታጠፈ ነጭ ጨርቅ ላይ አንዲት የእጅ ሰዓት የመሙያ ቁልፏን ወደ ላይ አድርጋ በጎኗ ተኝታለች። ተጠርጋ ታበራለች።

«ሁሉም የሚያወራላት ሰዓት ይቺ ናት?»

«አባዬ ‹እመቤቷ› ነው የሚላት» አለች ሚጣ ዓይኗን እየጠረገች። «ወሩ ሲያጥርም ሲረዝምም ታውቃለች። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋን ቀን ብቻ የሚጠብቅ የማርሽ ጥርስ ሆዷ ውስጥ አለ። ሲጫኗት ሰዓቱን በደወል ትናገራለች። ‹አባዬ፣ ስልክህ እኮ ይነግርሃል› ስለው፣ ‹ስልክ ለሁሉም ይለፈልፋል፤ ይቺን የሠራት ሰውዬ ግን ለማያውቀው ሰው ብሎ ዓይኑን ጨርሷል› ይለኛል።»

«ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

«ልደቴን ረሳ! ቀን የምትቆጥር ሰዓት እጁ ላይ አስሮ!»

«ልጅ ናት፣ ልጅ ናት፤ ልጅ ያኮርፋል» አሉ አያቷ በጥድፊያ።

መርማሪዋ ከመስታወት ሣጥኑ ሌላ ሰዓት አውጥታ «እስቲ ያዢልኝ» አለቻት። ጓንቷን እንደማስተካከል ብላ «ይበቃል፣ አስቀምጪው» ስትላት፣ ሚጣ እንደ ሳንቲም በፊቱ ደፋችው።

«ኧረ በሕግ! መስታወቱ ይጫራል እኮ!» አለ ጥግ ላይ የቆመው የጥርስ ሐኪም። የሟቹ ጓደኛ ነው፤ እሱም ሰዓት ይሰበስባል። ሮጦ አነሳና በጀርባው አስተኛው።

«እርስዎን ምን አመጣዎት?»

«ልንለዋወጥ ነበር። እኔ ሁለት ልሰጠው፣ እሱ እመቤቷን ሊሰጠኝ። ስደርስ እናንተ በሩ ላይ ናችሁ።»

«በጣም ይፈልጓት ነበር?»

«ምን ልበልዎ፣ ጥርስ ስነቅል እንኳ የማስበው እሷን ነበር።»

ይሄኔ የሟቹ ታናሽ ወንድም ገባ። ጢሙ ሸብቷል፤ ለእናቱ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው። ዓይኑ ከአንሶላው ሸሽቶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። «ማን ይሆን ይሄን ያደረገው?» እያለ እጁ ሳያስበው ሐኪሙ ያስተኛውን ሰዓት አነሳና፣ መሙያውን ወደ ላይ አድርጎ በጎኑ አስቀመጠው።

«እንዲህ ነው የሚቀመጠው?» አለች መርማሪዋ።

«ታዲያስ!» አሉ አሮጊቷ፤ የልጅ ልጃቸው መዳኛ የተገኘ መስሏቸው ወንበራቸውን ገፉ። «አባታቸው ነው ወንዶቹን ያስለመዳቸው። ‹በጎኑ ካልተኛ አያርፍም› እያለ። ሚጣ ይሄን የት ታውቅና! ሰዓት ነክታም አታውቅ፣ ልጄ!»

መርማሪዋ አየቻቸው። ያዘነች ትመስላለች። ከዚያ በሩን ዘግታ ሁሉንም ሰው አስቀመጠች።

«ሟች ሲወድቅ እመቤቷ እጁ ላይ ነበረች» አለች። «ደሙ እስከ ክርኑ ወርዷል፤ አንጓው ላይ ግን ማሰሪያዋ የሸፈነው ቦታ እንደ አምባር ንጹሕ ነው። ስለዚህ ከደማ በኋላ ሰው ፈታት። ሌባ ቢሆን ይዟት ይሄድ ነበር። ይሄ ሰው ግን ደሙን ጠረገላት፣ ጨርቅ አጠፈላት፣ አስተኛት። ሚጣ እንኳን ልታስተኛት ትቀናባታለች። ሐኪሙ ይወዳታል፤ ግን ሰዓት የሚያስተኛው በጀርባው ነው፣ ደግሞም በሰላም ሊወስዳት የመጣ ሰው ነው። በጎን የሚያስተኙት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። አንደኛው አንሶላው ሥር ነው።»

«አይደለም!» አሉ አሮጊቷ። «ተሳስቼ ነው! አርጅቻለሁ፣ እቀባጥራለሁ፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያስቀምጠው...» ያመለጠ ቃል ግን ወደ አፍ አይመለስም።

«የሁለታችን ነበረች» አለ ታናሽየው ቀስ ብሎ። «ልጆች ሳለን ፎቶዋን ከመጽሔት ቆርጠን ትራስ ሥር እናሳድራት ነበር፤ አንዴ እሱ ጋ፣ አንዴ እኔ ጋ። ስናገኛት ‹በየተራ እናስራታለን› ብሎኝ ነበር። ዛሬ ‹ሰለቸችኝ፣ ልለውጣት ነው› አለኝ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው! ደም ሲነካት ሳይ ግን... አላስቻለኝም። የሞተ መስሎኝ ነበር።»

«ለመፍታት እጁን ከግንባሩ አውርደዋል። መልሰው ግንባሩ ላይ ያደረጉት እርስዎ ነዎት?»

«ኧረ አይደለሁም። መሬት ላይ ነው የተውኩት።»

«እንግዲያው ራሱ ነው የመለሰው» አለች መርማሪዋ።

ማሙሽ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የጥርስ ሐኪሙ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ፖሊሶቹ በኮሪደሩ ሲወስዱት አሮጊቷ የሚጣን እጅ ለቀቁ። «ልጄ» አሉ መርማሪዋን፣ «የምትወስዱት ቦታ ይበርዳል?»

«ይበርዳል፣ እማማ።»

ተነሥተው ብርድ ልብስ ፍለጋ ወደ ውስጥ ሄዱ። ይዘው ሲመለሱ ሚጣ በሩ ላይ ቆማለች።

«ለእሱ ነው? አባቴ ገና እየተነፈሰ ሳለ ሰዓት ሲጠርግ ለነበረው?»

«ለልጄ ነው።»

ሚጣ ከበሩ አልተነሣችም። አሮጊቷም ብርድ ልብሱን እንዳቀፉ፣ እስክታሳልፋቸው፣ ፊት ለፊቷ ቆሙ።